ከዛፎች መካከል የተሸሸገው ሰው

ስለ ሰው ልቡና እና ከፍጥረት ጋር ስለ ነበረው አንድነት ለተሳላሚ ምእመናን የተዘጋጀ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወደ ቅድስት አገር የሚመጣ ተሳላሚ ከመቅደስ ወደ መቅደስ ይሄዳል። ቤተ ልሔምን፣ ዮርዳኖስን፣ ደብረ ታቦርን፣ ጌቴሴማኒን፣ ጎልጎታን ይሳለማል። ልብ ብሎ ላስተዋለ ግን እነዚህ ቦታዎች በመጀመሪያ ሕንፃ አልነበሩም። አንዱ የከብቶች በረት ነበረ፤ አንዱ ወንዝ፣ አንዱ ተራራ፣ አንዱ የወይራ ተክል፣ አንዱ ዐለት ነበረ። ጌታችን ሲወለድ በግርግም ተኛ፤ ሲጠመቅ በውኃ መካከል ቆመ፤ ሲጾም በምድረ በዳ ከአራዊት ጋር ነበረ፤ በመከራው ዋዜማ ከወይራ ዛፎች ሥር ጸለየ፤ የተቀበረውም በአትክልት ስፍራ ባለ መቃብር ነው። የድኅነት ሥራ የተፈጸመው በፍጥረት መካከል ነው፤ ፍጥረትም ምስክር ሆኖ ቆሟል።

ከዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከአፈር የተሠራ ሰው ለአፈር እንግዳ የሆነው እንዴት ነው? ከእንስሳት ጋር በአንድ ቀን የተፈጠረው፣ እንስሳትን እንደ ዕቃ ብቻ የሚያየው ከምን የተነሣ ነው? ደግሞስ ይህ የጠፋ ዝምድና የሚመለስበት መንገድ አለን? ይህ አጭር ትምህርት እነዚህን ጥያቄዎች በአበው አስተምህሮ መሠረትነት ይመለከታል።

ሰው ከምን ተሠራ?

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ ሰው ከሃያ ሁለቱ ፍጥረታት የመጨረሻው እንደ ሆነና ከሰባት ባሕርያት እንደ ተሠራ ይናገራሉ። አራቱ የሥጋ ባሕርያት መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት ናቸው። ሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ደግሞ ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያዊነት ይባላሉ። ሰው በሥጋው ከሣሩና ከቅጠሉ፣ ከዓሣውና ከአዕዋፉ ጋር ይዛመዳል፤ በነፍሱ ደግሞ ከመላእክት ጋር ይዛመዳል። በሁለቱ መካከል እንደ ድልድይ የቆመ ፍጥረት ነው።

የሥጋው ዝምድና እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ከአንድ ጐልማሳ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። ሰው በሕይወት የሚያቆየውን አየር የሚያገኘው ከምድር ዕፀዋትና በባሕር ውስጥ ከሚኖሩ ለዐይን ከማይታዩ ተክሎች ነው፤ እርሱ ያስወጣውን እነርሱ ይቀበላሉ፤ እነርሱ ያስወጡትን እርሱ ይቀበላል። ማንም ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን ባሕታዊ፣ ከዚህ ልውውጥ ተለይቶ ጥቂት ደቂቃ እንኳ መኖር አይችልም።

እንግዲህ የጠፋው አንድነት በሥጋ በኩል የጠፋ አይደለም። የጠፋው በልቡና በኩል ነው። ሰው ከፍጥረት ጋር አንድ መሆኑን አላቆመም፤ አንድ መሆኑን ማወቅና ማሰብ ግን አቆመ።

ልቡና ለምን ተሰጠ?

ልባዊነት ማለት ማሰብ፣ ማስተዋል፣ ራስንም ማወቅ ነው፤ በዘመኑ አነጋገር ንቃተ ኅሊና የሚባለው ከዚህ ጋር ይገናኛል። ፀሐይ ትወጣለች፤ ሰው ግን ፀሐይ መውጣቷን ያውቃል፤ ማወቁንም ያውቃል። ንብ ማሯን ትሠራለች፤ ስለ ማሯ ግን በቃል አታመሰግንም። ወንዝ ሰውንም ከብትንም ያጠጣል፤ ማንን እንዳጠጣ ግን አይናገርም። ፍጥረት ሁሉ በየሥርዓቱ በመጽናት ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ምስጋናው ግን ቃል የለውም። ለሰው ልባዊነት ከነባቢነት ጋር የተሰጠው፣ ያስተዋለውን በአንደበቱ እንዲናገር፣ ዝም ላሉትም ፍጥረታት አፍ እንዲሆናቸው ነው።

ስለዚህ የሰው አእምሮ ከፍጥረት የሚለየው ግድግዳ አይደለም። እንዲያውም ፍጥረት ወደ ፈጣሪው የሚናገርበት መስኮት ሆኖ ተሰጥቶ ነበር። አንዳንዶች ሰው ከፍጥረት የተለየው ማሰብ በመጀመሩ እንደ ሆነ ይናገራሉ፤ ወደ አንድነቱም ለመመለስ ማሰቡን መተው እንዳለበት ይገምታሉ። የአበው ትምህርት ግን እንዲህ አይደለም። ጥፋቱ በማወቁ አይደለም፤ ዕውቀቱን ከምስጋና በመለየቱ ነው።

ለዚህ ማስረጃው አዳም ከመሳሳቱ በፊት ያደረገው ነገር ነው። እግዚአብሔር እንስሳትን ሁሉ ወደ አዳም አመጣለት፤ አዳምም ለእያንዳንዱ ስም አወጣ (ዘፍ. 2፥19-20)። ስም ማውጣት ታላቅ የአእምሮ ሥራ ነው። የአንዱን ባሕርይ ከሌላው ለይቶ ማወቅን፣ ተመልክቶ መታገሥን ይጠይቃል። በአገር ቤት ልማድም ስም የሚያወጣ ሰው ለሕፃኑ ባዕድ አይደለም፤ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ወይም የክርስትና አባት ነው። አዳም እንስሳትን በስም መጥራቱ እነርሱን እንደ ቤተ ሰብ መቀበሉን ያሳያል። ያን ጊዜ ዕውቀትና ፍቅር አንድ ነበሩ።

ዐይን ተከፈተ፣ ልቡና ግን ተዘጋ

አዳምና ሔዋን ትእዛዙን ካፈረሱ በኋላ ዐይናቸው እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ይናገራል (ዘፍ. 3፥7)። የመጀመሪያው ያዩት ነገር ግን ራሳቸውን ነው፤ ራቁታቸውን መሆናቸውን አዩ። ከዚያ ቀን በፊት ዐይናቸው ወደ ፈጣሪና ወደ ፍጥረት ያይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ራሱ ዞረ። ፍርሃትና ኀፍረትም አብረው ገቡ።

ቀጥሎ የሆነውን ሲያነብብ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፈዋል። ሁለቱ የተሸሸጉት በገነት ዛፎች መካከል ነው። ትናንት ምግብና ጥላ የነበሩት ዛፎች ዛሬ መደበቂያ ሆኑ። ዛፎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ሰውየው የሚያያቸው አስተያየት ነው። ፍጥረት ከእግዚአብሔር ጋር የሚገናኝበት ስፍራ መሆኑ ቀርቶ ከእግዚአብሔር የሚሸሽበት ስፍራ ሆነ። ሰው ፍጥረትን እንደ ዕቃ መጠቀም የጀመረው በዚያች ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ ዝምድናው በየተራ ፈረሰ። አዳም በሔዋን አመካኘ፤ ሔዋን በእባብ አመካኘች፤ ምድርም ስለ ሰው ተረገመች፤ እሾህና አሜከላን አበቀለች። በቃየል ጊዜ ደግሞ ምድር የአቤልን ደም ተቀበለች፤ ገዳዩም በምድር ላይ ተቅበዝባዥ ሆነ። ሰው ከፈጣሪው ሲለይ ከወንድሙ ይለያል፤ ከወንድሙ ሲለይ ከእግሩ በታች ካለው አፈር እንኳ ይለያል።

የበረሃ አባቶች ምስክርነት

ይህ መለያየት የመጨረሻው ቃል እንዳልሆነ የገዳማት ታሪክ ይመሰክራል። ከኢያሪኮ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ለዮርዳኖስ ቅርብ በሆነው በረሃ በ5ኛው መቶ ዓመት አባ ጌራሲሞስ የሚባሉ መነኩሴ ይኖሩ ነበር፤ በስማቸው የሚጠራው ገዳም ዛሬም በዚያው አለ። እኚህ አባት እግሩን እሾህ የወጋው አንበሳ አገኙ፤ እሾሁን ነቅለው፣ ቁስሉን አጥበው አሰሩለት። አንበሳውም ከእርሳቸው ሳይለይ ለገዳሙ ውኃ የምታመላልሰውን አህያ ይጠብቅ ነበር። አባ ጌራሲሞስ ባረፉ ጊዜም በመቃብራቸው ላይ ተኝቶ በዚያው ሞተ ተብሎ ይነገራል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ተሳላሚ እንግዳ አይሆንበትም። ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከስድሳ አንበሶችና ከስድሳ ነብሮች ጋር በዝቋላ እንደ ኖሩ፣ በጥም የደከመችም ወፍ ከዐይናቸው እንባ እንደ ጠጣች ገድላቸው ይመሰክራል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሚታየው ሥዕላቸው ረጅም ጠጕራቸውን፣ ከግራና ከቀኝ የቆሙትን አራዊትና ወደ ዐይናቸው የቀረበችውን ወፍ ያሳያል። ምእመኑ በየወሩ በ5ኛው ቀን ሲዘክራቸው፣ ሰውና አራዊት ያለ ፍርሃት አብረው የኖሩበትን ሕይወት ይዘክራል።

የዚህን ምሥጢር ማር ይስሐቅ ያብራራዋል። በአገራችን ገዳማት መጽሐፉ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ሆኖ የሚነበበው ይህ አባት እንደሚያስተምረው፣ ትሑት ሰው ወደ አራዊት ሲቀርብ አራዊቱ በስም በጠራቸው ጊዜ ከአዳም ይወጣ የነበረውን መዓዛ ያሸትቱበታል፤ ስለዚህም ቍጣቸው ይበርዳል። ደግሞም ርኅራኄ ያለው ልብ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለወፎችም ለአራዊትም ለተንቀሳቃሽ ሁሉ እንደሚቃጠል፣ የትንሿን ፍጥረት ሥቃይ ማየትም እንደማይችል ያስተምራል።

በዚህ ትምህርት ሁለት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው፣ አራዊት አልረሱም፤ የረሳው ሰው ነው። ሁለተኛው፣ የመመለሻው በር ትሕትና ነው። አባቶች ወደ በረሃ የወረዱት አራዊትን ለማላመድ አልነበረም። ራሳቸውን ለመግዛት ወረዱ፤ ራሳቸውን በገዙ ጊዜ ግን አራዊቱ ሳይጠሩ መጡ።

አንድነት ነው፤ መቀላቀል አይደለም

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከፍጥረት ጋር አንድ መሆን ፍጥረትን ማምለክ አይደለም። ፀሐይን፣ ዛፍን፣ ምንጭን አምላክ ማድረግ የጥንት ስሕተት ነው። ቤተ ክርስቲያን ፈጣሪና ፍጡር ምን ጊዜም እንደማይደባለቁ ታስተምራለች። ሰውም ወደ ፍጥረት ገብቶ የሚቀልጥ፣ ማንነቱን የሚያጠፋ ጠብታ አይደለም።

ተዋሕዶ የሚለው ቃል መቀላቀልም መለያየትም የሌለበትን አንድነት ያመለክታል። የቃል ሥጋ መሆን ምሥጢር ወደር የለውም፤ ከሌላ ነገር ጋርም አይተካከልም። ነገር ግን ይህን ቃል በየዕለቱ የሚሰማ ምእመን፣ እውነተኛ አንድነት የሚባለው አንዱ ሌላውን ሳይውጠው እንደሚጸና ከዚህ ይማራል። ሰው ሰው ሆኖ፣ ዛፍም ዛፍ ሆኖ፣ ሁለቱም በአንድ ፈጣሪ ፊት በአንድነት ይቆማሉ። ከዚህም በላይ፣ እግዚአብሔር ወልድ ከአፈር የሆነውን ሥጋ ሲዋሐድ የአራቱን ባሕርያት ክብር ከፍ አድርጓል። አፈርን የሚንቅ ሰው አምላኩ የለበሰውን መናቁ እንደ ሆነ ያስብ።

ዮርዳኖስ የሚናገረው

የልቡና መራቅ በዐይን የሚታይ ውጤት አለው። ለማየት የሚፈልግ ሰው በጥምቀተ ባሕሩ ዳር መቆም ይበቃዋል።

ዮርዳኖስ በቀድሞ ዘመን በየዓመቱ ወደ ሙት ባሕር 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ያፈስስ ነበር። ዛሬ የሚደርሰው የዚያ አንድ ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። በዙሪያው ያሉ አገሮች የወንዙንና የገባሮቹን ውኃ ለመጠጥና ለእርሻ ጠልፈውታል። ወንዙ ሲቀንስ ሙት ባሕርም ዐብሮ ቀነሰ፤ ማዕድን ለማውጣት ውኃውን የሚያተንኑት ድርጅቶችም ጕድለቱን ጨመሩበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የባሕሩ ወለል ከባሕር ጠለል በታች 395 ሜትር ገደማ ነበረ፤ ዛሬ ከ430 ሜትር በታች ወርዷል፤ በየዓመቱም ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ባሕሩ በሸሸበት ዳርቻ መሬቱ እየተደረመሰ በሺህ የሚቆጠሩ ጕድጓዶች ተከፍተዋል።

የጥምቀቱ ስፍራ ሌላም ቍስል አለበት። ከእ.ኤ.አ. 1967 ጦርነት በኋላ በምዕራቡ ዳር ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ፈንጂ ተቀብሮ ነበር፤ ገዳማቱም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተዘግተው ቆዩ። የኢትዮጵያ ገዳም ይዞታ ያለበት ይህ ምድር ከፈንጂ መጽዳት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ጌታ የተጠመቀበት ምድር ሰው እግሩን ሊያሳርፍበት የሚፈራው ምድር ሆኖ ነበር። እሾህና አሜከላ በዘመናችን ይህን መልክም ይዟል።

ውኃ የሚያስፈልጋቸው ሕዝቦች ስለ ጠጡ ማንም አይፈርድባቸውም። ነገር ግን ወንዝን ውኃ ከሚያወጣ ቧንቧ ለይቶ የማያይ ልቡና ወንዙን አይሰማውም፤ የማይሰማውን ነገር ደግሞ አይጠብቅም። ሐዋርያው ጳውሎስ ፍጥረት ሁሉ በምጥ እንዳለች ሴት እንደሚቃትትና የእግዚአብሔርን ልጆች መገለጥ እንደሚጠባበቅ ጽፏል (ሮሜ 8፥19-22)። ፍጥረት የሚጠብቀው ሰው ወደ ቀድሞ ክብሩ እንዲመለስ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ያቆየችው መንገድ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ይህን መመለስ በንግግር ብቻ አላስተማረችም። በዓመቱ ቀኖች ውስጥ ሠርታ አስቀምጣዋለች።

በመጀመሪያ፣ ዘመናትን በፍጥረት ስም ትጠራለች። የክረምቱ ወቅት ዘርዕና ደመና፣ መብረቅና ነጐድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ፣ ጠልም እየተባለ ይከፈላል። ከዚያም ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ የሚባል ክፍል አለ፤ ይኸውም የቍራ ጫጩቶችና ደሴቶች፣ የሁሉም ዐይኖች ምግብን ሽተው ወደ ፈጣሪ የሚያንጋጥጡበት ወቅት ነው። የቍራን ጫጩት ረኀብ በማኅሌት የሚያስብ ሕዝብ ፍጥረትን አልረሳም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ያለው ዘመነ ጽጌም አበቦችን ለምስጋና ይጠራል። በቅዳሴም ካህኑ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች፣ ስለ ምድር ፍሬ ይለምናል። በሠለስቱ ደቂቅ ምስጋናም ፀሐይና ጨረቃ፣ ውርጭና በረዶ፣ ዓሣ አንበሪና እንስሳ በየስማቸው ለምስጋና ይጠራሉ። ይህ አዳም ያቋረጠው ስም የመጥራት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጾም ነው። በገነት ለሰውም ለእንስሳም የተሰጠው ምግብ የምድር ተክል ነበረ (ዘፍ. 1፥29-30)። ጾመኛው ከሥጋና ከወተት ሲከለከል ወደዚያ ወደ መጀመሪያው ማዕድ ይቀርባል፤ በዚያም ማዕድ የማንም ደም አልፈሰሰም።

ሦስተኛው የአብያተ ክርስቲያናት ደን ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የጥንቱ ደን ለእርሻና ለግጦሽ በተመነጠረበት ሰፊ አገር፣ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ዋንዛው ቆመው የሚታዩት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ከሰማይ ሲታዩ በደረቅ መሬት መካከል እንዳሉ አረንጓዴ ደሴቶች ናቸው። አባቶች ያን ደን የገነት ምሳሌ፣ የታቦቱም ልብስ አድርገው ጠብቀውታል። በኢየሩሳሌም ያለው የኪዳነ ምሕረት ገዳምም፣ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ 2ኛ ዘመን የተፈጸመው፣ ስሙ ደብረ ገነት ነው። ስሙ ራሱ ሰው ከየት እንደ ወጣና ወዴት እንደሚሄድ ያሳስባል።

ተሳላሚው ምን ያድርግ?

በጌቴሴማኒ የሚገኝ ተሳላሚ ወዲያው ወደ ሕንፃው ከመግባቱ በፊት ከወይራዎቹ ፊት ጥቂት ይቁም። በአጸዱ ያሉት ሽማግሌ ዛፎች ስምንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት የሦስቱ ግንድ በ12ኛው መቶ ዓመት አካባቢ እንደ በቀለ አመልክቷል፤ የዘር ምርመራውም ስምንቱ ሁሉ ከአንድ ወላጅ ዛፍ የተገኙ መሆናቸውን አሳይቷል። ወይራ ግንዱ ቢቆረጥ ከሥሩ ያቆጠቍጣልና የሥሩ ዕድሜ ከግንዱ ሊበልጥ ይችላል። በአገር ቤት በየደብሩ ያለው ወይራም የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። በዚህ ስፍራ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት በድካም ተኝተው ነበር፤ ጌታችን ግን ነቅተው እንዲጸልዩ አዝዟቸዋል። የነቃ ኅሊና ማለትም ይህ ነው፤ በጸሎት የነቃ።

በዮርዳኖስ የሚገኝ ተሳላሚ ውኃውን በጠርሙስ ከመቅዳቱ በፊት ስለ ወንዙ ይጸልይ፤ ላስቲክና ቍራሽ ጨርቅ በዳሩ አይጣል። በበረሃው መንገድ የሚያልፍ ስልኩን ዘግቶ ለጥቂት ጊዜ ዝምታውን ያድምጥ። ፎቶግራፍ ያነሣው ስፍራ በልቡና ካልታየ እንዳልታየ ይቈጠራል። ወደ ቤቱ ሲመለስም፣ መኖሪያው በኢየሩሳሌም ቢሆን፣ በአዲስ አበባ ወይም በሌላ አገር፣ ውኃ ሲከፍትና እንጀራ ሲቈርስ ከየት እንደ መጣ አስቦ ያመስግን። ምስጋና ከአፍ ብቻ ሲወጣ ልማድ ነው፤ ከልቡና ሲወጣ ግን አዳም የተወውን አገልግሎት መቀጠል ነው።

የመጀመሪያው አዳም ከዛፎች መካከል ተሸሸገ። ሁለተኛው አዳም ክርስቶስ ግን ሊይዙት በመጡ ጊዜ ከዛፎቹ መካከል ወጥቶ ራሱን ገለጠ፤ በዛፍ ላይም ተሰቅሎ መሸሸግ የማያስፈልግበትን መንገድ ከፈተ። ከትንሣኤው በኋላ መግደላዊት ማርያም በአትክልቱ ስፍራ ባየችው ጊዜ አትክልት ጠባቂ መስሏት ነበር (ዮሐ. 20፥15)። ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ ለታዘዘው አዳም፣ ጠባቂው ተመልሶለታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።